ከአየርላንድ የመጣችው የአያቱ አያት

ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው። የአያቱ አያት ከአየርላንድ መጥታ ኒውዮርክ በቤት ሠራተኝነት የኖረች ሴት ነበረች። ቤተሰቡ ስለ እሷ የሚያውቀው ይህችኑ ብቻ ነው። ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፣ በአባታቸው በኩል ግን እሷ ጋ ሲደርሱ ቀጥ። ነገሩ አላስችል ቢለኝ ፍለጋውን እኔው ጀመርኩት።

የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ከ1850 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየቤቱ ያለውን ነፃ ሰው ሁሉ በስም ይመዘግባል። እሷንም እዚያ አገኘኋት። የትውልድ ቦታ በሚለው ዓምድ ግን የተጻፈው «አየርላንድ» ብቻ ነው። አጥቢያዋን ሳያውቁ፣ ያውም ሱሊቫን የሚል ኮርክና ኬሪ የሚባሉትን አውራጃዎች የሞላ ስም ይዘው፣ አየርላንድ ውስጥ ሰው መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

«የአየርላንድ መዝገብ እኮ ተቃጥሏል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነት አለው። በ1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ደብሊን ያለው የመዛግብት ቤት ሲነድ ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል ጠፋ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ደግሞ መንግሥት ራሱ ነው ያስወገዳቸው፣ ይሄ እስካሁን ያበሳጨኛል። ሙሉ ሆነው የተረፉት የ1901 እና የ1911 ናቸው። እሷ ግን የወጣችው በረሃቡ ዘመን ነው። ድንቹ በበሽታ ተመትቶ ከ1845 እስከ 1852 አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አልቋል፣ ከዚያ የሚበልጥ ደግሞ አገሩን ጥሎ ወጥቷል።

መንገዱን የከፈተልኝ ባንክ ነው። ኤሚግራንት ሴቪንግስ ባንክን በ1850 ኒውዮርክ ውስጥ የከፈቱት የአየርላንድ ስደተኞችን የሚረዳ ማኅበር አባላት ናቸው። ብዙው ደንበኛ መፈረም ስለማይችል ጸሐፊው ማንነቱን የሚለይበትን ነገር እየጠየቀ ይጽፍ ነበር፦ የት ተወለድሽ፣ በየትኛው መርከብ መጣሽ፣ ወላጆችሽ እነማን ናቸው፣ ወንድም እህትስ? የእሷ መስመር አጭር ናት። ኬሪ፣ የአጥቢያው ስም፣ አባቷ ሞቷል፣ እናቷ አገር ቤት ናት፣ አንድ ወንድም ቦስተን አላት። ሳነበው እንባዬ መጣ። በራሷ አንደበት የተናገረችው እኮ ነው!

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጠነ። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የካቶሊክ አጥቢያዎችን መዝገብ ከ2015 ጀምሮ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ላቲን ነው፣ የቄሱ እጅ ጽሑፍም ዓይን ያደክማል፣ ግን እናትየዋ በአባቷ ስም ተጽፋ ትገኛለች፣ የክርስትና አባትና እናትም አብረው አሉ። እነሱን እንዳታልፏቸው። ከ1847 እስከ 1864 ለግብር በተሠራው፣ የአየርላንድን ባለይዞታዎች በስም በሚዘረዝረው የግሪፊዝ የመሬት ግምት ላይ የክርስትና አባቷን ስም ስፈልግ፣ ኩታ ገጠም ሆኖ ባልየው የሞተባት እናቷ ይዞታ ተመዝግቦ አገኘሁት። መንደሯን ያወቅኩት በእሱ ነው።

የቀረኝ ወንድሟ ነው። ቦስተን ፓይለት የሚባለው ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 የጠፋ ዘመድ ማፈላለጊያ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። አጥቢያውን፣ የመጣበትን መርከብ፣ መጨረሻ የታየበትን ከተማ ይጠቅሳሉ። እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን፣ እህት ወንድሟን ትፈልጋለች። አሁን የ1850ዎቹን እያነበብኩ ነው፣ ምናልባት እሷም አስወጥታ ይሆናል።