ዛሬ ማታ ድምፁ ያልተሰማ ማነው?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ልደት በሰላም አደረሳችሁ። ገናን የማታከብሩ ጓደኞቼም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከቨርጂኒያ ነው። እዚህ የእኛ ገና ሲደርስ የፈረንጆቹ ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። የየቤቱ መብራት ወርዷል። ያጌጠው ዛፍ መንገድ ዳር ተጥሎ የቆሻሻ መኪና ይጠብቃል። በመጣሁበት ዓመት ይህን ሳይ ሆድ ባሰኝ። የእኔ ቤት ዶሮ ወጥ ይሸታል፤ ደጁ ግን ጭር ብሏል። በር አንኳኩቶ «እንኳን አደረሰህ» የሚል የለም። ስልኬ ሲጮህ ዋለ፣ እውነት ነው። ግን የዚያን ቀን ስልኬን ባላነሳ፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ምን ሆነህ ነው?» የሚለኝ ማን እንደሆነ ሳስብ አንድ ሰው እንኳ ጠፋኝ።

አሁን አሉ። ዛሬ ስለ እነሱ ልንገራችሁ። የአካባቢያችን አማተር ሬዲዮ ክለብ አባላት ናቸው።

አማተር ሬዲዮ ስል ኤፍ ኤም ማለቴ አይደለም። ዜና አናነብም፣ ሙዚቃም አናሰማም። ፈቃድ አውጥተን ከቤታችን፣ ከመኪናችን፣ አንዳንዴም ከተራራ ላይ እርስ በርስ የምንነጋገር ሰዎች ነን። ለንግድ መጠቀም ክልክል ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈቃዱ ያላቸው ከ700,000 በላይ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሱት ግን ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ መብራትም ስልክም ተቋረጠ። ያኔ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ከአማተሮች ፈቃደኞችን ጠየቀ፤ እነሱም ሬዲዮአቸውን ይዘው ሄዱ።

እኔን ግን ወደ ክለቡ የወሰደኝ ይህ አይደለም። አባቴ ነው።

ደብረ ማርቆስ ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ማታ ማታ አጭር ሞገድ ላይ ጣቢያ ይፈልግ ነበር። የጀርመን ድምፅ፣ የአሜሪካ ድምፅ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሁለት ማታ ያህል ይሠራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሰጣል። አንቴናው ተሰብሮ ስለነበር ሽቦ አስሮበታል። የእኔ ሥራ ያንን ሽቦ ይዞ መቆም ነው። ወደ መስኮቱ ስጠጋ ድምፁ ይጠራል፣ ስርቅ ይንሿሿል። «እዛው ጋ! እንዳትነቃነቅ!» ይለኛል። እጄ እስኪዝል ቆሜ ዜናውን ያዳምጣል። ያኔ የሚወራው አይገባኝም ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ ድምፅ በእጄ በኩል ማለፉ ግን ይገርመኝ ነበር። አሁንም ይገርመኛል።

ስለዚህ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የፈተናውን ማስታወቂያ ሳይ አላለፍኩትም። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ነው። 26 የመለሰ ያልፋል። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው አስቀድመው ይፋ የተደረጉ ስለሆኑ ያጠና ሰው አይወድቅም። ሞርስ ኮድ፣ ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ መላኪያው ዘዴ፣ ማወቅም ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግዴታ አይደለም። ፈታኞቹ ራሳቸው በጎ ፈቃደኛ አማተሮች ናቸው፤ ቢያንስ ሦስት ሆነው ያርማሉ። ማለፌን ሲነግሩኝ ሦስቱም ብድግ ብለው ጨበጡኝ። አንደኛው፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ፣ «ማክሰኞ ማታ እንጠብቅሃለን» አሉኝ።

የማክሰኞ ማታው ነገር እንዲህ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተተከለ ሪፒተር የሚባል መሣሪያ አለን። ደካማውን የእጅ ሬዲዮ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይሰማና በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጉልቶ መልሶ ይለቀዋል። ማክሰኞ ማታ ሁላችንም እዚያ እንገናኛለን። አንድ ሰው ያስተባብራል። ተረኛው ሲከፍት መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ችግር የገጠመው ሰው አለ? አስቸኳይ መልእክት ያለው አለ?

ከዚያ ዝም ይላል። ሁላችንም ዝም እንላለን። ከአምስት ሰከንድ አይበልጥም። እኔ ያቺን ዝምታ እወዳታለሁ። ወሬ ከመጀመሩ በፊት፣ ስለ አየር ጠባይና ስለ አዲስ ዕቃ ከመነሳቱ በፊት፣ መጀመሪያ የተቸገረ ሰው ቦታ ያገኛል። ማንም ካልተናገረ ጥሪው ይቀጥላል። እያንዳንዱ የጥሪ ምልክቱን፣ ከፈቃዱ ጋር የተሰጠውን የፊደልና የቁጥር መለያ፣ ይናገራል። «አለሁ» ማለት ነው። የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ትዝ ይለኛል። እሱ ንጋት ላይ እየዞረ ሰው ማለፉን ይነግረናል። እዚህ ደግሞ በየሳምንቱ ሰው መኖሩን ይጠይቃሉ።

እኚያ ጢማቸው የሸበተው ሽማግሌ ሁልጊዜ ሦስተኛ ነበሩ የሚመልሱት። ሰማንያ አልፏቸዋል። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው፣ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አያልፉም። አንድ ማክሰኞ ሦስተኛው ቦታ ባዶ ሆነ። ተረኛዋ ጠበቀች። የእሳቸውን ምልክት ጠራች፤ መልስ የለም። ደግማ ጠራች። ከዚያ «ዛሬ ማታ ያልሰማናቸው ሰው አሉ፤ በቅርብ የሚኖር አለ?» አለች። እኔ ሥራ ልገባ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ከቤታቸው ሁለት ማይል ላይ የሚኖር አባል «እኔ እሄዳለሁ» ሲል ሰማሁ።

ሰውዬው ደህና ነበሩ። የተበላሸው አንቴናቸው ነው። የሳምንቱ ንፋስ የዛፍ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ጥሎ በጥሶታል። መሰላል መውጣት አይችሉም፣ ሰው ማስቸገርም አልፈለጉም። ዝም ማለትን መረጡ። ይህን ስሰማ እናቴን አሰብኳት። እሷም ቢያማት አትናገርም።

ቅዳሜ ስድስት ሆነን ሄድን። እነሱ የራሳቸው ስም አላቸው ለዚህ ሥራ። እኔ ግን የማውቀው አንድ ስም ነው፤ ደቦ። አንዱ ገመድ አመጣ፣ አንዱ ሽቦ፣ አንዷ መበየጃ። ለ20 ሜትር ሞገድ የሚሆነው ሽቦ ርዝመቱ 10 ሜትር ገደማ ነው፣ የሞገዱ ግማሽ። መሐሉ ላይ ከሬዲዮው የሚመጣው ገመድ ይገናኛል፣ ሁለቱ ጫፎች ከፍ ብለው ይሰቀላሉ። ችግሩ መስቀሉ ነው። ግቢው ውስጥ ትልቅ የኦክ ዛፍ አለ፣ አንዱ ጫፍ ከዚያ አናት ላይ መታሰር አለበት።

ባለ ላስቲክ ወንጭፍ አወጡ። ዓሣ ማጥመጃ ክር ጫፉ ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት ታስሮበታል። እርሳሱ በቅርንጫፉ ላይ ሲያልፍ ክሩን ይዞ ይሄዳል፣ በክሩ ቀጭን ገመድ ይጎተታል፣ በገመዱ ሽቦው ይወጣል። ሁለት ሰዎች ሞከሩ፤ እርሳሱ ዝቅ ብሎ ተሰነቀረ። እኔ «ስጡኝ» አልኩ። ልጅ ሆኜ ከጓደኞቼ ጋር በወንጭፍ የማንመታው ነገር አልነበረም። ላስቲኩን እስከ ጆሮዬ ሳብኩት። አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። እርሳሱ ሁለቱ ቅርንጫፎች በሚገናኙበት መሐል አልፎ ከዛፉ ወዲያ ሣሩ ላይ ዱብ አለ። ክሩ ፀሐይ ላይ ብልጭ እያለ ተከተለው። ሽማግሌው አጨበጨቡ። ባለቤታቸው ሾርባና ትኩስ ዳቦ ይዘው ወጡ፤ ቆመን በላን።

ማክሰኞ ማታ ሦስተኛው ድምፅ ተመለሰ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ። አንዱ «ዛፉም እናንተም ደህና ሁኑ» የሚል ነበር።

የወር ስብሰባውን አላበዛውም፤ ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ ሒሳብ ይነገራል፣ ከአባላቱ አንዱ ስለሚያውቀው ነገር ያስተምራል። እኔ የምጓጓው አባላቱ ምግብ ቤት ተሰብስበን ለምንበላው የቅዳሜ ቁርስ ነው። ጾመ ነቢያት ሲገባ ድንችና ደረቅ ዳቦ ብቻ ማዘዝ ጀመርኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ጡረተኛ አውቶቡስ ሹፌር ምክንያቱን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አስተናጋጇ ስትመጣ እኔ ሳልናገር «የእሱ ድንች በዘይት ይሁን፣ ቅቤ እንዳይነካው» አላት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ «ስንት ቀን ቀረህ?» ይለኛል። ቆጥሬ እነግረዋለሁ።

በሰኔ ደግሞ ሜዳ እንወጣለን። ፊልድ ዴይ ይባላል፣ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚደረግ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ ምን እናደርጋለን የሚለውን የምንለማመድበት ቀን ነው። ድንኳን ተክለን፣ አንቴና ሰቅለን፣ በጀነሬተርና በሶላር 24 ሰዓት ሙሉ እንሠራለን። ባለፈው ሰኔ ጀበናዬን ይዤ ሄድኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ዓይኑ ቀልቷል። በትንሿ የጋዝ ምድጃ ቡና ቆላሁ። ጭሱ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ተኝተው የነበሩት ሳይቀሩ ተነሱ። አቦሉን ለሁሉም አዳረስኩ። አንዷ ሴት ሞርስ ትመታ ነበር፤ በቀኝ እጇ ቁልፉን እየመታች በግራዋ ስኒውን ተቀበለችኝ። አንዲት ፊደል አላመለጣትም። ቶናውን ስቀዳ «ገና ሦስተኛ አለው» ብዬ ነገርኳቸው። እስከ በረካው የተነሳ የለም።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ዓመታዊ እራታችን ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር ሁሉም በዘመድ ስለሚያዝ ክለቡ እራቱን ወደ ጃንዋሪ መጀመሪያ ያደርገዋል። ለእኔ ከገና ጋር ገጠመልኝ። እያንዳንዱ ከቤቱ ምግብ ይዞ ይመጣል። እኔ ዶሮ ወጥና እንጀራ ይዤ እሄዳለሁ፤ እንቁላሉ ለሁሉም እንዲዳረስ 30 ቀቅያለሁ። ከመብላታችን በፊት አንድ ሥርዓት አለ። አማተር ሲሞት «ሳይለንት ኪይ» ይባላል፤ ቁልፉ ዝም አለ እንደማለት ነው። በዓመቱ ያጣናቸው ሰዎች የጥሪ ምልክት አንድ በአንድ በሞርስ ይመታል። ሰው ቆሞ ያዳምጣል። ዘንድሮ ሁለት ናቸው። አንደኛው ያ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በጥቅምት አረፈ፣ ነፍሱን ይማር። ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ «ስንት ቀን ቀረህ?» የሚለኝ አጣሁ። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። «ስንት ቀን ቀረህ?» አሉኝ። እኔም ቆጥሬ ነገርኳቸው።

አንድ ምኞት ልንገራችሁና ላብቃ። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ አለ። የጥሪ ምልክቱ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ነው። ከእኔ ቤት እስከዚያ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጭር ሞገድ ከምድር ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሰማይ ላይ ካለው አዮኖስፌር ከሚባለው የአየር ንብርብር ተመልሶ፣ ደግሞ ከባሕሩ ነጥሮ ነው የሚደርሰው። ፀሐይ በየ11 ዓመቱ ገደማ ጉልበቷ ይጨምራል፣ ያኔ ሞገዱ ርቆ ይሄዳል፤ ያለነው ከዚያ ብዙ ባልራቀ ጊዜ ላይ ነው። ባለፈው መጋቢት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማኋቸው። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ እንደ አባቴ ሬዲዮ ይንሿሿል። ከየአገሩ ሰው ተሻምቶ ይጠራቸዋል። እኔም ጠራሁ። ሃያ ደቂቃ ጠራሁ። ሰማኋቸው፣ አልሰሙኝም።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ የእኔን ሽቦ እንደገና መስቀል አለብን አሉ። ባለፈው ቅዳሜ መጡ። አዲስ አበባ ከዚህ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ስለሆነች የሽቦው ጎን ወደዚያ እንዲዞር አደረግን። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው አቅጣጫውን ይነግሩኛል፣ እኔ ጫፉን ይዤ እንቀሳቀሳለሁ። አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አነሱና እንድቆም አዘዙኝ። ቆምኩ።

የገና ዕለት ከቀትር በኋላ፣ አዲስ አበባ ሲመሽ፣ 20 ሜትር ላይ እጠራለሁ። አምስት ኪሎ ያላችሁ ልጆች፣ ዘመድ ጋ ካልሄዳችሁና ሬዲዮው ከተከፈተ፣ በጫጫታው መሐል በአማርኛ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ድምፅ ፈልጉ።

ለሁላችሁም መልካም በዓል። እኛ አማተሮች ስንለያይ መልካም ምኞታችንን እንደምንገልጸው፣ ሰባ ሦስት።