ምጣዶቼን ጀርመን ወደብ ላይ ያስቀረችው ስቲከር

ከአዳማ የላክኋቸው ሃያ አራት የኤሌክትሪክ ምጣዶች ጀርመን ወደብ ላይ የተያዙት አልጋገሩም ተብሎ አይደለም። ማንም አልሰካቸውም፤ ሊጥም አላፈሰሰባቸውም። ያስያዛቸው የግማሽ መዳፍ ያህል ስፋት ያላት ስቲከር ናት። ያሠራኋትም እኔው ነኝ፤ ዕቃው ካለቀ በኋላ፣ ካርቶኑ ሊታሸግ ሲል፣ ማተሚያ ቤት ቆሜ በአንድ ከሰዓት በኋላ። ይህን ስጽፍ አሁንም እናደዳለሁ።

ምጣድ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሸክላውን ከሸክላ ሠሪዎች እገዛለሁ፤ ከሥሩ ቦይ አውጥተን ሬዚስታንሱን፣ ማለትም የሚግለውን ሽቦ፣ እንዘረጋለን፣ በጀሶ እንደፍናለን፣ የላሜራ አካሉን በይደን እንቀባለን። የሠርግ ደጋሽ ምጣድ ሲቸግረው የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ፍራንክፈርት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ «ወንድሜ፣ እዚህ ሰው እንጀራ በመጥበሻ እየጋገረ ነው፤ ላክልኝና እኔ አስመጪ ሆኜ ልሽጠው» ስትለኝ በሥራዬ ስለምተማመን አላመነታሁም።

የላኪነት ፈቃዱ፣ የባንክ ፈቃዱ፣ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ማጓጓዙ፣ ከዚያ ጅቡቲ፤ ይህ ሁሉ አሰልቺ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። ጥሩ የዕቃ አስተላላፊ ያዙና ወረቀቱን ለእሱ ተዉለት።

የመጀመሪያው ስሕተት የጀመረው አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። ሠራተኛው ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «የሲኢ ሰርተፍኬት የታለ? ያለ እሱ አውሮፓ አይገባም፤ የሚሰጥ ድርጅት ፈልግ» አለኝ። ሲኢ (CE) ዕቃው የአውሮፓ ኅብረትን ሕግ ያሟላል የሚል ምልክት ነው። ፈለግሁ። እሰጣለሁ የሚል ደላላ ሞልቷል። ወርቃማ ማኅተም ያለበት፣ የምጣዴ ፎቶ እንኳ የሌለበት ወረቀት በኢሜይል ተላከልኝ። የከፈልኩትን ገንዘብ እዚህ መጥራት አልፈልግም።

እውነቱ ይህ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት የቤት ውስጥ ዕቃ ሲኢን የሚሰጥ ማንም የለም። ከ50 እስከ 1000 ቮልት ባለው ተለዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ በአውሮፓ ኅብረት የዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያ 2014/35 ሥር ይወድቃል። በዚህ መመሪያ ዕቃውን የሚመረምረው፣ የቴክኒክ ፋይሉን የሚያዘጋጀው፣ «ዕቃዬ ሕጉን ያሟላል» ብሎ የሚፈርመውና ምልክቱን የሚያኖረው አምራቹ ራሱ ነው። ፋይሉንም 10 ዓመት ማስቀመጥ አለበት። ከጎኑ ደግሞ የኤሌክትሮማግኔት ጣልቃ ገብነትን የሚመለከተው 2014/30 እና እንደ እርሳስ ያሉ ንጥረ ነገሮችን የሚገድበው 2011/65 አሉ። ፈራሚው እኔ መሆኔን የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም። ባውቅ ኖሮ ከመፈረሜ በፊት ዕቃዬን እለካው ነበር። ሰርተፍኬት ፈልግ ያለኝ ሰው ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሌላ ሰው ያንኑ ሲናገር ይታየኛል።

የጀርመን ጉምሩክ ደብዳቤ ለአክስቴ ልጅ ደረሳት። አሠራራቸው እንዲህ ነው፤ ጉምሩክ ከተጠራጠረ ዕቃውን ያግድና ለገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። ተቆጣጣሪው በአራት የሥራ ቀናት ውስጥ «ይቆይ» ካላለ ይለቀቃል። የእኔን በሦስተኛው ቀን ይቆይ አለ። ባለወርቃማ ማኅተሙን ወረቀት የአክስቴ ልጅ ብታቀርብላቸውም ከፋይሉ አውጥተው መለሱላት።

ስቲከሯ ላይ የነበረው ይህ ነው፤ የድርጅቴ ስም፣ «አዳማ፣ ኢትዮጵያ»፣ የስልክ ቁጥሬ፣ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት፣ «ትኩስ ነው፣ አይንኩ» የሚል ማስጠንቀቂያና ከኢንተርኔት ያወረድኩት የሲኢ ምልክት። ምልክቱ በማስመሪያ ሲለካ ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ሕጉ ከ5 ማነስ የለበትም ይላል። የሞዴልም ሆነ የተከታታይ ቁጥር የለም። የፖስታ አድራሻ የለም፤ ስልክ ደግሞ አድራሻ አይደለም። የአስመጪዋ ስምና አድራሻ የትም አልተጻፈም፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 16 ቀን 2021 ጀምሮ ኅብረቱ ውስጥ ተጠሪ የሌለው እንዲህ ያለ ዕቃ ገበያ አይገባም። ማስጠንቀቂያውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌዋለሁ፤ ጀርመን የምትፈልገው በጀርመንኛ ነው። ላዩ ላይ የተሰረዘበት የቆሻሻ መጣያ ሥዕልም የለም። ሥዕሉ ዕቃው ሲያረጅ ከቤት ቆሻሻ ጋር እንዳይጣል የሚያሳስብ ነው፤ ጀርመን ውስጥ አስመጪው አንዲት ዕቃ እንኳ ከመሸጡ በፊት በኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መዝገብ መመዝገብ አለበት። የአክስቴ ልጅ አልተመዘገበችም። ይህን እንድታጣራ ልጠይቃት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

ሁሉም በአዲስ ስቲከር ይታረማል ብዬ ተጽናናሁ። ከዚያ አንዱ ምጣድ ወደ ሙከራ ቤት ተላከ።

የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው፤ የእነሱ 230። አሥር ቮልት ምን ያመጣል ብዬ ቆሜ አስቤ አላውቅም። ሬዚስታንስ የሚስበው ኃይል ግን በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው የሚያድገው። በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ230 ቮልት ወደ 3825 ዋት ይደርሳል። ይህ 16.6 አምፔር ነው፤ የቤታቸው ሶኬት የተሠራው ደግሞ ለ16 ነው። የቤት ውስጥ ዕቃዎች የደህንነት ደረጃ የማሞቂያ ዕቃ ከተጻፈበት ዋት ከ5 በመቶ በላይ እንዲስብ አይፈቅድም፤ የእኔ በእነሱ መስመር ከ9 በመቶ በላይ አለፈ። እንጀራ ጋጋሪ ደግሞ ውሃ እንደሚያፈላ ሰው በአምስት ደቂቃ አይነቅልም፤ ሊጡ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምጣዱ ብቻ አይደለም የሚግለው፤ ስፒናውም፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦም አብረው ይግላሉ። ይህን ሳስብ ምጣዶቹ በመያዛቸው ፈጣሪን አመሰገንኩ፤ የአክስቴ ልጅ ሁለቱን ለጎረቤቶቿ ቃል ገብታላቸው ነበር።

ቀጥሎ ጨርቁ መጣ። ያው 60335 የተባለው የደህንነት ደረጃ ጽሑፍ የማይጠፋ መሆኑን የሚፈትንበት ቀላል መንገድ አለው። መለያው በውሃ በራሰ ጨርቅ 15 ሰከንድ በእጅ ይታሻል፤ ከዚያም ከነዳጅ በሚገኝ ማሟሚያ በራሰ ጨርቅ ሌላ 15 ሰከንድ። ጽሑፉ መነበብ አለበት፤ መለያው በቀላሉ መላቀቅም መጠቅለልም የለበትም። የእኔዋን በቪዲዮ ላኩልኝ። በውሃው አንዱ ጠርዟ ተነሣ። በማሟሚያው አምስት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ «3500» የሚለው ቁጥር ተዘረጋ፣ ደበዘዘ፣ ሰማያዊ ጭቃ ሆኖ ጨርቁ ላይ ቀረ። ባዶ ነጭ ወረቀት ብቻ የቀረባትን ስቲከር ወደ ካሜራው አስጠግተው አሳዩኝ።

ያቃጠለኝ ፈተናውን መውደቄ አይደለም። ምጣድ የሚታሰሰው በጎመን ዘር ነው፤ ቅባቱ በየጊዜው በጎኑ ይወርዳል፣ ማሰሻውም ጎኑን ይጠርጋል። እዚሁ አዳማ በየደንበኞቼ ቤት ያ ቁጥር ከጠፋ ቆይቷል ማለት ነው። የሚጠግን ኤሌክትሪሺያን ስንት ዋት እንደሆነ በግምት ነው የሚሠራው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቤት ሄጄ አላየሁም።

ሃያ አራቱም ተመለሱ። የመጋዘኑ ኪራይና የመመለሻው ጭነት ከጠበቅሁት ትርፍ በለጠ፤ ሰባቱ ሸክላቸው ተሰንጥቆ ደረሰ። የአክስቴ ልጅ ግማሹን ወጪ ሳትነግረኝ ከፍላ ነበር።

አሁን ሬዚስታንሱን አስረዝመን በ230 ቮልት 3300 ዋት አድርገነዋል፤ ከ14.4 አምፔር አይበልጥም። ለመጋል ትንሽ ይዘገያል፤ ባለቤቴ ሦስት ቀን ጋግራበት የእንጀራው ዓይን እንደ ቀድሞው መሆኑን ካላረጋገጠችልኝ አልልክም ብዬ ነበር፤ አረጋገጠችልኝ። ስቲከሩን ትቼ ጽሑፉ በሌዘር የተቀረጸበት የአሉሚኒየም ሰሌዳ በሪቬት አስመታለሁ፤ ሽቦው ከሚያልፍበት ራቅ ብሎ፣ ሙቀት በማይበዛበት በመቆጣጠሪያው በኩል። ግራውንድ የሚባለው የመሬት ሽቦ መጥበቁ በእያንዳንዱ ምጣድ ላይ ይለካል፤ ውጤቱም ከተከታታይ ቁጥሩ ጋር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ሰሌዳ ወስጄ ከእሳት ርቄ ግቢ ውስጥ በውሃና በቤንዚን ራሴ አሻለሁ።

ሕጉ የአስመጪው አድራሻ ዕቃው ላይ ማረፍ ካልቻለ ካርቶኑ ወይም አብሮ የሚሄደው ወረቀት ላይ ቢሆን ይፈቅዳል። አማካሪዎችም ይህንኑ ይመክራሉ፤ ለአምራች ይቀላልና። እኔ ግን አታድርጉት እላለሁ። ካርቶን በመጀመሪያው ቀን ይጣላል፣ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይጠፋል፤ ምጣዱ አሥር ዓመት ይቆያል። ቦታ ከጠበበ የድርጅታችሁን አርማ አሳንሱ። የጀርመንኛውን ማስጠንቀቂያ ደግሞ በስልክ መተርጎሚያ አታሠሩ፤ እዚያ አገር ለሚኖርና ምጣድ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። የእኛን የጻፈችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ በማራዘሚያ ገመድ እንዳይሰካ የሚለውን ዐረፍተ ነገር የጨመረችውም እሷው ናት። ሁለተኛው ጭነት ያለ ጥያቄ አለፈ።

በዚህ ወር ከአሜሪካ ጠያቂ መጥቷል። እዚያ የሲኢ ምልክት አያገለግልም፤ መደብሮች የሚፈልጉት የታወቀ የሙከራ ድርጅት ምልክት ነው። ላሜራ ከመቁረጤ በፊት የሰሌዳውን ጽሑፍ በወረቀት ጀመርኩ፤ «120 ቮልት» ብዬ ጻፍኩና ዋቱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የቤታቸው የተለመደ 15 አምፔር መስመር ከ1800 ዋት በላይ አይሸከምም፤ የእኔ ምጣድ 3300 ነው። ለጠያቂው በዚህ ምጣድ እንደማይሆን ነግሬው አነስ ያለ ሸክላ አዝዣለሁ።