አዳም ሰባት ዓመት በአጠገቡ ያለፈው ዛፍ

ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ትናንት ገብርኤል ነበር። ከተማው እንግዳ በእንግዳ ሆኖ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ሐይቁ ድረስ መንገዱ በነጭ ነጠላ ተሞልቶ ዋለ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ የመጣው ግን ለበዓሉ አይደለም። እማዬ "ዓይንህን ልየው" ብላ ስትደውልለት እምቢ ማለት አቅቶት ነው። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ካቆመ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። እኔና እማዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስንወጣ ተኝቶ ነበር፤ ታቦቱ ገብቶ ስንመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እማዬ ምንም አላለችውም። ጸበሉን በጠርሙስ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችና ጫማዋን ልታወልቅ ገባች።

ዛሬ ጠዋት "እትዬ፣ አሞራ ገደል እንሂድ፤ ዓሣ አምሮኛል" አለኝ። የነቢያት ጾም መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። እንደ ድሮው ቢሆን ተቆጥቼ እቀር ነበር። ዛሬ ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኩት፤ ባጃጅ ያዝን።

ጀልባዎቹ ገና ከሐይቁ መግባታቸው ነበር። አንድ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ እግሩን አጥፎ ተቀምጦ ቆሮሶ ዓሣ ይበልታል። ቢላዋውን ከጉሮሮው ሥር ሰክቶ ዙሪያውን ጫር አደረገና ቆዳውን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ሲስበው፣ ልክ እንደ እርጥብ ካልሲ ወለቀ። ከጀርባው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሦስት ሆነው እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል፤ አንጀቱን ሲወረውርላቸው ብቻ ነው የሚነቃነቁት። ወንድሜ ጥሬውን በዳጣ አዘዘ፤ እኔ ሻይ። ከትልቁ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። (ዋርካም ሾላም የበለስ ወገን ናቸው። አዳምና ሔዋን ዕርቃናቸውን ሲያውቁ ሰፍተው ያገለደሙት የበለስ ቅጠል ነው፤ እኛም ያችን የተከለከለችውን ዛፍ ዕፀ በለስ እያልን ነው ያደግነው። ከዚያ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለዚያች ዛፍ ማውራት ለእኔ ቀላል አልነበረም።)

ነገሩን ያነሳው እሱ ነው። "ያቺን ማታ ታስታውሺያለሽ?" አለኝ።

እንዴት እረሳለሁ? የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። እራት ላይ ነን። አባባ በሕይወት ነበር። ወንድሜ እንጀራውን እንደያዘ "አባባ፣ እግዚአብሔር አዳም እንደሚበላ ያውቅ ከነበረ ዛፏን ለምን ተከላት? ካላወቀስ እንዴት አምላክ ይባላል?" ብሎ ጠየቀ። አባባ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ፊቱ ተለዋወጠ። "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍህ እንዳልሰማ! ክህደት ነው!" ብሎ ከገበታው አስነሳው። ልጁ እጁን ሳይታጠብ ወጥቶ ጓዳው በር ላይ ቆመ። እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምር ነበር። አንገቴን ደፍቼ መብላቴን ቀጠልኩ።

"ከዚያ በኋላ ራሴ ፈልጌ አገኘሁት" አለኝ ዛሬ፣ ዳጣውን በዓሣው እየነካ። "እባቡ እኮ አልዋሸም። ዓይናችሁ ይከፈታል አለ፤ ተከፈተ። እግዚአብሔር ራሱ 'አዳም ከእኛ እንደ አንዱ ሆነ' ብሏል። ስለዚህ የተከለከለው ዕውቀት ነው። ዕውቀት የሚከለክል አባት ደግሞ እኔም አውቃለሁ።"

የመጨረሻዋ ቃል ልቤ ላይ ቀረች። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የራቀው ከእግዚአብሔር ብቻ አይደለም፤ ከዚያች ገበታም ጭምር ነው።

ይህን ያሰበ የመጀመሪያው ሰው እሱ አለመሆኑን ነገርኩት። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እባቡን የዕውቀት አስተማሪ አድርገው የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ፤ የሊዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ ስለ እነርሱ ጽፎ ተከራክሯቸዋል። ደስ የሚለኝ ግን ሄሬኔዎስ ዕውቀትን አጥላልቶ አለመመለሱ ነው። አዳምና ሔዋን ገና እንደ ልጅ ነበሩ፣ ሊያድጉ ነበር የተፈጠሩት ይላል። በዚያው ዘመን የነበረው የአንጾኪያው ቴዎፍሎስ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው፦ ዛፏ ሞት አልነበረባትም፣ ሞት የነበረው አለመታዘዙ ውስጥ ነው፤ ዕውቀትም በአግባቡ ለተጠቀመበት መልካም ነው፤ አዳም ግን ገና ሕፃን ነበርና እንደ አቅሙ ሊቀበላት አልቻለም። ሕፃን መጀመሪያ ወተት ይጠጣል፣ እንጀራ በኋላ ነው። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደዚሁ የሚቀርብ ነገር ተናግሯል። እነዚህ አባቶች የሚያውቁት አባት ልጁ እንዳያውቅ የሚፈልግ አይደለም። ያለ ጊዜው እንዳይውጠው ነው የፈራለት። እባቡም ቢሆን ግማሹን እውነት ተናገረ እንጂ ያቺን "ሞትን አትሞቱም" ያላትን ወንድሜ ዘሏታል፤ ይህንንም ነገርኩት።

"እሺ፣ ማወቁስ?" አለ። "ቀድሞ ካወቀ እኮ አዳም ሌላ መንገድ አልነበረውም።"

ከተቀመጥንበት የከተማችን ኮረብታ ታቦር ይታያል። "አሁን እዚያ ላይ ወጥተህ ብትቆም" አልኩት፣ "ያ ባለ ጀልባ መረቡን ወደየት እንደሚጥል ታያለህ። ማየትህ ግን እጁን አይገፋውም።" ቦኤትዮስ የተባለው ሮማዊ ፈላስፋ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሞት ተፈርዶበት ታስሮ ሳለ ያሰበው ወደዚህ የተጠጋ ነው፦ ለእግዚአብሔር ትናንትና ነገ የለም፣ ሁሉ በፊቱ እንደ ዛሬ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አውግስጢኖስም፣ ያለፈውን ማስታወሴ ያለፈውን እንዲሆን እንዳላስገደደው ሁሉ የእግዚአብሔር ቀድሞ ማወቅም የሚሆነውን አያስገድድም ብሏል። ወንድሜ ትንሽ አሰበና "ከታቦር ላይ የሚያየው ሰው ግን ሐይቁን አልፈጠረም" አለኝ።

ልክ ነው። ምሳሌዬ እዚያ ላይ ቆመች። አላስተባበልኩም።

ከዚያ ያወራሁት ከሊቃውንቱ የያዝኩትን ሳይሆን የራሴን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መጽሐፈ ኩፋሌን ሳነብ አንድ ነገር አስደንግጦኝ ነበር። አዳም በገነት ሰባት ዓመት ኖረ ይላል። ሲሠራ፣ ሲጠብቅ፣ ፍሬውን ከአዕዋፍና ከአራዊት ሲከላከል፣ የበላውን በልቶ የቀረውን ሲያኖር። ሰባቱ ዓመት ተፈጽሞ በሁለተኛው ወር በአሥራ ሰባተኛው ቀን እባቡ ወደ ሔዋን ቀረበ። ሰው ነጻ ፈቃድ እንዳለው ልናስረዳ ስንፈልግ ሁልጊዜ የምንጠቅሰው ያቺን አንዷን ቀን ነው፤ የቀጠፉባትን። ሰባቱን ዓመት ማን ያነሳቸዋል? በየቀኑ ጠዋት ወጥቶ ወፍ እያባረረ በዚያች ዛፍ አጠገብ ያለፈው አዳም ነጻ አልነበረም? እሷም እንደ ሌሎቹ ለዓይን ታምር ነበር፤ እጁም ይደርስባት ነበር። ማለፉ ፈቃዱ ነበር። መምህራኑ ዛፏ የተተከለችው አዳም ፈጣሪ እንዳለው እንዲያውቅ ነው የሚሉት ድሮ አይገባኝም ነበር፤ ጌታ መሆኑን ለማስፈራራት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሌላ ሆኖ ይታየኛል። ያቺ አንዲት ዛፍ ባትኖር ሰባቱ ዓመት ሁሉ እንዲሁ ያለፈ ጊዜ ነው። እሷ ስላለች ግን እያንዳንዱ ቀን ለእግዚአብሔር የተሰጠ "እሺ" ሆነ። "እምቢ" ማለት የማይችል ሰው "እሺ" አለ አይባልም። መጽሐፈ ሲራክም እሳትና ውኃን በፊትህ አኖረልህ፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ዘርጋ የሚለው ይህንኑ ነው። ትናንት በበዓሉ የተነገረላቸው ሠለስቱ ደቂቅም፣ እነዚያ ወደ እሳት የተጣሉት ሦስቱ ወጣቶች፣ ንጉሡን፣ አምላካችን ከእሳቱ ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም አሉት። ያቺን "ባያድነን እንኳ" ከሰው አፍ ማንም አስገድዶ አያወጣትም።

አንድ ሌላም ነገር አለ። እግዚአብሔር ለአዳም ያለው "አትብላ" ነው። ሔዋን ለእባቡ ስትነግረው "አትብሉ፣ አትንኩትም" አለችው። "አትንኩት" የሚለውን ማን ጨመረው? አልተጻፈም። እኛ ቤት ደግሞ "አትጠይቁ" ተጨመረበት። ኢዮብ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ሞግቶት፣ በመጨረሻ የተወቀሱት እግዚአብሔርን የተከላከሉለት ወዳጆቹ ናቸው፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተባሉ። የእኛው የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ አንድምታ፣ ራሱ "አንድም፣ አንድም" እያለ ለአንድ ቃል አራት አምስት መንገድ የሚከፍት ትምህርት ነው። በዚህ ያደገ ሕዝብ ልጁ ሲጠይቀው እንዴት ይደነግጣል?

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ትናንት ደጀ ሰላሙ ጋ ቆሜ ሳስበው የነበረውንም ነገርኩት። ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት በሚናገረው መጽሐፍ፣ በአክሲማሮስ ላይ እግዚአብሔር መላእክትን በመቶ ነገድ ፈጥሮ ተሰወራቸው ይላል። ተመራምረው ይወቁት ብሎ ነው የተሰወረው። እነርሱም "ማን ፈጠረን? ከወዴት መጣን?" እያሉ ተጠያየቁ። ኋላ ዲያብሎስ የሆነው ሳጥናኤል ከላይ ሆኖ ቢመለከት ከእሱ በላይ ማንም አልታየውም፤ "እኔ ፈጠርኋችሁ" አለ። ያኔ ገብርኤል "ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ" ብሎ አረጋጋቸው፤ አምላካችንን እስክናገኘው በያለንበት ጸንተን እንቁም። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በየበዓሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ግን ገብርኤልም በዚያች ሰዓት እንዳላየው ልብ ብዬ አላውቅም ነበር! ያው የሳጥናኤል ጨለማ፣ ያው ጥያቄ ነው የነበረበት። "አገኘሁት" አላለም፤ "እስክናገኘው" ነው ያለው። ሳጥናኤል የወደቀው ስለጠየቀ አይደለም። መጠየቁን አቁሞ ባዶውን ዙፋን በራሱ ስለሞላው ነው። ትናንት ያ ሁሉ ሕዝብ ጧፍ ይዞ ያከበረው እኮ ሳያገኝ ጸንቶ የቆመን መልአክ ነው።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ መብላቱን ትቶ ነበር። "ይህንን ነው ለሕፃናቱ የምታስተምሪያቸው?" አለኝ።

ያኔ ነው ልናገረው ያልፈለግሁት የመጣው። "አይደለም" አልኩት። "ያኔ የማስተምራቸው አባባ ያለህን ነው። ያቺ ያንተ ጥያቄ ግን ካንተ በፊት የእኔ ነበረች። አንተ እራት ላይ የጠየቅህ ሳምንት እኔ እሷን ይዤ ሌሊቱን ሳልተኛ ነው ያደርኩት። አንተ ስትጠይቅ ደስ አለኝ፤ አባባ ሲቆጣ ግን ከእሱ ጋር የሆንኩ መሰልኩ።"

ዓሣው ላይ ዝንብ አርፎበታል። ወንድሜ አላባረረውም። እጁን በሶፍት ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። "እትዬ፣ ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?" አለ። ድምፁ የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ድምፅ ነበር። ፈራሁ አልኩት። ሌላ ምንም የምለው አልነበረኝም። አጽናንቶኝ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ አላጽናናኝም። ሒሳብ ከፍሎ ተነሳ። ባጃጅ አልያዝንም፤ በሐይቁ ዳር ያለውን የእግር መንገድ ይዘን ሳንነጋገር ረጅም ሄድን። መሐል ላይ ነጠላዬ እሾህ ያዘው፤ ቆሞ ቀስ ብሎ ክሩን ሳይበጥስ አላቀቀልኝ።

አሁን እማዬ ተኝታለች። እሱ ነገ በማለዳ ነው የሚሳፈረው። ልብሱን ሲያሰናዳ ይሰማኛል። ይህን እየጻፍኩ ሳለ ከዚያኛው ክፍል ጠራኝ።

"እትዬ፣ አልተኛሽም?"

"አልተኛሁም።"

"ሳጥናኤል ግን... ቆይቶ ቢጸጸትስ? መመለስ የማይችለው ለምንድን ነው?"

የደማስቆው ዮሐንስ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሰው ሞት ማለት ለመላእክት ውድቀታቸው ነው፣ ከዚያ ወዲያ ንስሐ የላቸውም ያለውን አውቃለሁ። እሱን ብነግረው "ለምን?" እንደሚለኝም አውቃለሁ።

"ና፣ ሻይ ልጣድ" አልኩት። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ጾም ነውና ዳቦ ብቻ ነው ያለን።