በፕሲሎሪቲስ ተራራ ላይ የሰማሁት ቃጭል

ጭጋግ ውስጥ ቁጭ ብዬ "ጌታዬ፣ ከዚህ ካወጣኸኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ" ብዬ ነበር። ከዚያ ሥራው፣ ድካሙ፣ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። የቃል ዕዳ ግን እንቅልፍ አይሰጥም። ስለዚህ ይኸው።

የምኖረው ግሪክ አገር፣ ቀርጤስ ደሴት ላይ ነው። ኢራክሊዮ ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጊት እናት እጦራለሁ። "ያያ" ነው የምላቸው፤ በግሪክኛ አያቴ ማለት ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ስላልወጣ አገር ቤት ደርሼ መመለስ አልችልም።

እናቴ በ2016 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ገብታ ነበር። ያን ሌሊት መሬት ላይ ተደፍቼ ለግሸን ማርያም ተሳልኩ። "እናቴን አትርፊልኝ እንጂ በእግሬ መጥቼ ጧፍ አበራለሁ" አልኩ። እመቤቴ ሰማችኝ። እናቴ ዛሬ ቆማ ቡና ታፈላለች። እኔ ግን ግሸን የት፣ እኔ የት።

ስለቱ ሲከብደኝ ለንስሐ አባቴ ደወልኩላቸው። "ልጄ፣ መንገድሽ እስኪከፈት ባለሽበት አመስግኚ፤ ግሸን ትጠብቅሻለች" አሉኝ። ይህን ለያያ ስነግራቸው እጄን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዱኝና ሩቅ የሚታየውን ተራራ አሳዩኝ። "እዚያ ጫፍ ላይ የመስቀሉ ቤተ ክርስቲያን አለ። ልጅ ሆኜ ወጥቼበታለሁ" አሉኝ።

ተራራው ፕሲሎሪቲስ ይባላል። ቁመቱ 2,456 ሜትር ነው፤ በቀርጤስ ከሱ የሚበልጥ የለም። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቲሚዮስ ስታቭሮስ ትባላለች፣ ክቡር መስቀል ማለት ነው። ግሪኮች የመስቀልን በዓል የሚያከብሩት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 14 ነው። እኛ ደግሞ መስከረም 17፣ በነሱ ሴፕቴምበር 27። በዓሉ አንድ ነው። እነሱ ወደ አዲሱ አቆጣጠር ስለዞሩ ነው የ13 ቀን ልዩነት የመጣው። ግሸንም ግማደ መስቀሉ ያረፈባት የመስቀል አምባ ናት። ይህን ሁሉ ሳስበው ልቤ ቆረጠ። በራሳችን መስቀል፣ በ2017 ዓ.ም.፣ እወጣለሁ አልኩ።

አንዲት የአገሬ ልጅ አብራኝ መጣች። የያያ ልጅ በመኪናው አኖጊያን አሳልፎ ኒዳ ሜዳ ድረስ አደረሰን። አኖጊያ በፈረንጆቹ 1944 ጀርመኖች ያቃጠሏት መንደር ናት። ሰዎቿ መልሰው ሠርተዋት ዛሬም በጎቻቸውን ያረባሉ። ኒዳ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ዙሪያውን ተራራ የከበበው ሜዳ ነው። የበግ መንጋ ሳይ አምባሰል የደረስኩ መሰለኝ። የያያ ልጅ ጉልበቱን ስለሚያመው መኪናው ጋ ቀረ። "11 ሰዓት ላይ እዚህ እንገናኝ" ተባባልን።

መንገድ የጀመርነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ይህ ስህተት ነበር። ለእንዲህ ያለ ተራራ ጎህ ሲቀድ ነው መነሳት። መንገዱ ኢ 4 የሚባለው የአውሮፓ ረጅም የእግር መንገድ አካል ነው፤ ቢጫና ጥቁር ምልክት አለው። ምልክቱ በሌለበት ሰው የደረደረውን የድንጋይ ቁልል እያየን ሄድን። ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፣ በየመካከሉ እንደ ትራስ የተድበለበለ እሾህ አለ። ዝናቡን ድንጋዩ ስለሚውጠው ምንጭ አይገኝም። ውኃ ተሸክሞ መውጣት ግድ ነው። ጓደኛዬ "ለስለት ሲሆን እግር አይደክምም" እያለች ከፊቴ ትወጣለች።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ጫፉ ደረስን። ቤተ ክርስቲያኗ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠራች ናት። ጣሪያዋም ድንጋይ ነው። በሯ ዝቅ ስለሚል ሳያጎነብሱ አይገባም። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ጧፌን አበራሁ። "እመቤቴ፣ ግሸን እስክመጣ ድረስ ይቺን ተቀበይኝ" አልኩ። በቀኑ በዚያ ጫፍ ላይ ከኛ በቀር አንድም ሰው አልነበረም። ግሪኮቹ በዓላቸውን አክብረው ከወረዱ 13 ቀን ሆኗቸዋል።

ውጭ ስንወጣ በሰሜን የቀርጤስ ባሕር፣ በደቡብ የሊቢያ ባሕር ይታያል። ሁለት ባሕር ባንድ ዓይን። ከደቡቡ ባሕር ማዶ አፍሪካ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጓደኛዬ ግን ወደ ግሪክ የመጣችው ያንን ባሕር በጀልባ ተሻግራ ነው። ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ምንም አልተናገረችም። እኔም ዝም ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

9 ሰዓት ካለፈ በኋላ መውረድ ጀመርን። ብዙም ሳንርቅ ከደቡብ በኩል ጭጋግ መጣ። እንዲህ ያለ ጭጋግ አይቼ አላውቅም። እጄን ስዘረጋ ጣቶቼ ይደበዝዛሉ። ምልክቱ ጠፋን። ወደ ግራ ሄድን፣ ተመለስን፣ ያው እሾህ፣ ያው ድንጋይ። ጓደኛዬ እግሯ ጠመመና ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ወዲያው አበጠ። 112 ብደውል ኔትወርክ የለም። በዚያ ተራራ ገደልና ጥልቅ ጉድጓድ እንዳለ የያያ ልጅ ጠዋት ነግሮን ስለነበር ከዚያ በኋላ እግሬን ለማንሳት ፈራሁ።

በግሪክኛ "ቮይቲያ! ቮይቲያ!" እያልን ጮህን። እርዱን ማለት ነው። ነፋሱ ድምፃችንን ወሰደው። ሰዓቱ ወደ 12 ሄደ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጓደኛዬ "ባሕሩን አልፌ እዚህ ልቀር ነው?" ብላ አለቀሰች። የኔም ልብ ከዳኝ። ነጠላዬን ለሁለት ለበስነውና "አባታችን ሆይ" ደገምን። ከዚያ ኪርያላይሶን ማለት ጀመርን። እንደ ስቅለት ቀን፣ በጣታችን እየቆጠርን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን፤ ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን። ስንት እንደደረስን አላስታውስም፣ 41 ግን አልሞላንም።

ቃጭል ሰማሁ።

በእውነት ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ የቅዳሴ ቃጭል መሰለኝ። ከዚያ ቆመ። እንደገና አቃጨለ፣ ቀረብ ብሎ። "ሰማሽ?" አልኳት። "ዝም በይ፣ ጸሎቱን አታቋርጪ" አለችኝ። ቀጠልን። አንዲት በግ ከጭጋጉ ወጥታ እፊታችን ቆመች። አንገቷ ላይ የናስ ቃጭል፣ ጸጉሯ ላይ እሾህ። አየችን፣ አየናት።

ከኋላዋ ከሩቅ የወንድ ድምፅ መጣ። "ኪርየ ኤሌይሶን!" ብሎ መለሰልን።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልኩት ቃል የግሪክኛ ቃል እንደሆነ አውቅ ነበር። ያን ቀን ግን የሰው ነፍስ አዳነ። እረኛው በዕድሜ የገፋ፣ ጢሙ ነጭ፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። ያቺ በግ ከመንጋው ተለይታ ጠፍታበት ቃጭሏን እየተከተለ ነበር የወጣው። "ጩኸታችሁን አልሰማሁም። ዜማውን ነው የሰማሁት። ጫፉ ላይ ካህን ያለ መስሎኝ ነበር" አለን። በጓ ባትጠፋ አይወጣም ነበር። እሷ ወደኛ ባትመጣ ደግሞ እሱ አይደርስብንም ነበር። ይህን አጋጣሚ የሚል ይበል፣ እኔ አልልም።

ጓደኛዬን ደግፈናት ወደ ሚታቶው ወረድን። ሚታቶ የእረኞች ክብ የድንጋይ ጎጆ ነው፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያኗ ያለ ጭቃ የተሠራ። እሳት አነደደልን። የተራራ ሻይ አፈላልን። ትልቅ አይብ አውጥቶ ቢላዋውን ካሳረፈበት በኋላ ቆም አለ። "ፓራስኬቪ" አለ፣ ዓርብ። ለካ እነሱም ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ። አይቡን በጨርቁ መልሶ ጠቅልሎ ደረቅ የገብስ ዳቦና ወይራ አቀረበልን። ያን ዳቦ በሻዩ እየነከርኩ ስበላ እንባዬ ጽዋው ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር።

በጭነት መኪናው ኒዳ ድረስ ይዞን ወረደ። የያያ ልጅ 112 ደውሎ፣ የመኪናውን መብራት አብርቶ፣ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሲያየን መሬት ላይ ተቀመጠ። ያያ ደግሞ ቤት ስደርስ ሻማ አብርተው ሥዕሉ ፊት ቁጭ ብለው ነበር፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል።

ወረቀቴ እስካሁን አልወጣም። የግሸኑንም ስለት አልረሳሁትም። እግዚአብሔር ግን በዚያ ቀን በዚያ ተራራ እንደሰማኝ በማንም ፊት እናገራለሁ። ክብር ለእሱ ይሁን፣ ለእናቱም ምስጋና።

በማግስቱ ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። እልልታዋ ስልኩን ሊሰነጥቀው ነበር። ከዚያ "የእረኛው ስም ማን ይባላል? በጸሎቴ ላስበው" አለችኝ። ደነገጥኩ። እኔም ጓደኛዬም አልጠየቅነውም። እናቴ ዛሬም ማታ ማታ ስትጸልይ የኛን ስም ከጠራች በኋላ "ያንን እረኛ" ትላለች።