«ገጠር ስደጂው!»

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለውሻዬ ቤት እየፈለግኩ ነው ብላችሁ ለአሥር ሰው ብትነግሩ፣ ዘጠኙ «ገጠር ስደጂው!» ይላሉ። አሥረኛው ደግሞ «ለመንዝ ሰው ስጪው፣ በግ ይጠብቅለታል» ይላል። እኔም አምኜ ነበር።

ቡላን ያገኘሁት በሐምሌ መጨረሻ ነው። ጠባሴ በኩል፣ ቦይ ውስጥ፣ አንገቱ ላይ ሽቦ ታስሮበት። የደብረ ብርሃንን ሐምሌ ታውቁታላችሁ። ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ ሰው ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ የለበሰው እርጥብ ፀጉሩን ብቻ ነው። ሽቦውን በፒንሳ ስቆርጠው ዝም ብሎ ያየኛል። አልነከሰኝም፣ አልጮኸም። ምን ዓይነት ጨዋ ውሻ ነው ብዬ ወሰድኩት። ለካ ጨዋ ሆኖ አይደለም፣ ርቦት ነው።

ስሙን በመልኩ ነው ያወጣሁለት። መጀመሪያ «ሽብሩ» ልለው ነበር፤ ግን ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ያሉ አባባ ስማቸው እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ «ሽብሩ! ውጣ ከዚያ!» ስል ምን ሊሉ ነው?

ገና ሳይጠግብ ፍልሰታ ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፣ አጥንት ጠፋ። ውሻ ደግሞ አይጾምም። የገብስ ገንፎ እየሠራሁ፣ ከሆቴል ፍርፋሪ እየለመንኩ አደረስኩት። ልክ ሲጠግብ እውነተኛው ቡላ ወጣ። ቀዥቃዣ የሚለው ቃል አይበቃውም። የተሰጣ ልብስ ያወርዳል፣ ጫማ ይበላል፣ ባዶ ጀሪካን በአፉ ይዞ ግቢውን ሲዞር ይውላል፣ ጀሪካኑ ከቆርቆሮው አጥር ጋር ሲጋጭ የሚያወጣውን ድምፅ ሳይወደው አይቀርም ሆን ብሎ ነው የሚያጋጨው፣ ያውም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

አንድ ቀን ጠዋት አከራዬ ጠሩኝ። አጥሩ ሥር ቡላ የቆፈረው ጉድጓድ አለ።

«አየሽ ልጄ፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል ተረት ይመስልሽ ነበር?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ጭቃው ላይ የጅብ ዱካ ነበር። እስከ መስቀል ጊዜ ሰጡኝ።

አጎቴ የሚኖረው መንዝ፣ ጓሳ አካባቢ ነው። ደወልኩለት፣ እሺ አለ። ከመላኬ በፊት የእብድ ውሻ ክትባት አስወጋሁት። ለአንድ ውሻ ይህን ያህል ወጪ ያሉኝ ነበሩ። ነገሩ ግን የአንድ ውሻ ብቻ አይደለም። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ከእኛ ተራሮች ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም፣ የቀሩት ጎልማሶች ደግሞ ከ500 በታች እንደሆኑ ነው የሚገመተው። ቶሎ ከሚፈጁት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚጋባበት በሽታ ነው፣ በተለይ ይኸው የእብድ ውሻ በሽታ። ያልተከተበ የከተማ ውሻ እዚያ ሰድጄ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሚኒባሱ ረዳት ቡላን አየና «ውሻ አንጭንም» አለ። ሌላኛው «የሦስት ሰው ክፈይ» አለኝ፣ እየቀለደ መሆኑን እስካሁን አላወቅኩም። በመጨረሻ ባዶውን ወደ መሐል ሜዳ የሚሄድ ኢሱዙ ተገኘ። በጣርማ በር ታጥፈን፣ ጉም ውስጥ፣ ቡላ ጋቢናው ውስጥ እኔ ላይ ተኝቶ፣ ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ «ይሄ እኮ ከሰው ይሻላል» እያለ። አስረክቤ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ መጣ። «ነይ ውሰጂው።»

ቡላ በጎቹን ሜዳ ለሜዳ ሲያሯሩጥ ነው የዋለው። የአንዷን ላት ይዞ ሲጎትት አጎቴ በዓይኑ አይቶታል። ያኔ ነው የገባኝ። በግ የሚጠብቅ ውሻ ከቡችላነቱ ከበጎች ጋር ያደገ ነው፤ እዚያው በረት ውስጥ ይተኛል፣ ሽታቸውን ለምዶ ወገኖቼ ናቸው ይላል። ያ ውሻ ጅብ ሲመጣ የሚነሳው ለዚህ ነው። አስፋልት ላይ ላደገው ለቡላ ግን የሚሮጥ በግ ኳስ ነው። አጎቴ ዘመድ ሆኖ ነው የደወለልኝ፤ ሌላ ባለ በግ ቢሆን በዱላ ይጨርሰው ነበር፣ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ቤት እዚሁ ከተማ ነው። ሰፊ ግቢ፣ ትልቅ በር፣ ሰውየው ጠባቂ ውሻ ይፈልጋል። «ጎበዝ ጠባቂ ነው» አልኩት። ስለ ጉድጓዱ አልነገርኩትም። ስለ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓቱም እንዲሁ። ከወር በኋላ እሱም ደወለ፤ ቀን ከሌት ይጮሃል፣ ጎረቤት ተማሯል፣ ነይ ውሰጂልን። ስሄድ በሰንሰለት ታስሯል። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር አይሞላም። በዙሪያው መሬቱ ክብ ሆኖ ተልጧል፣ ሣር የሚባል አልቀረም፣ እየዞረ እየዞረ ጨርሶታል። ተናድጄ ልናገረው ከበር ገባሁና ቃል አጣሁ። የሚዋጋ በሬ ገበያ አውጥቶ «የዋህ ነው» ብሎ የሸጠ ሰው ምን አፍ አለው?

ፈትቼ ወሰድኩት። መስቀል አልፏል። አከራዬ ሲያዩን ብዙ ተነፈሱና «እስከ ኅዳር ሚካኤል» አሉ።

ሐኪሙ ጋ ወስጄ አስኮላሸሁት። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሲስቅብኝ ሰነበተ። ሐኪሙ ግን ከጅምሩ ነግሮኛል፤ ሴት ፍለጋ መዞሩን ይቀንስለታል፣ ቀዥቃዣነቱን ግን ከዚህ አትጠብቂ ብሎ። እውነቱን ነው። የረዳኝ ሌላ ነገር ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጅቦቹ ከገቡ በኋላ፣ አብሬው እወጣለሁ። ማታ ደግሞ ድርቆሽ እንጀራ ሰባብሬ ጭድ ውስጥ እደብቅና ፈልግ እለዋለሁ። ግማሽ ሰዓት በአፍንጫው ሲያስስ ቆይቶ ሁለት ሰዓት ከሮጠው በላይ ይደክመዋል። ይህን ዘዴ ባገኘሁ ቀን አከራዬም ተኙ፣ እኔም ተኛሁ።

ከዚያ ወረቀት ጻፍኩና ወተት የምገዛበት ሱቅ በር ላይ ለጠፍኩ። «ወንድ ውሻ፣ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ። ተከትቧል፣ ተኮላሽቷል። ጫማ ይበላል። አጥር ይቆፍራል። በግ ያባርራል። ዶሮ አሳይቼው አላውቅም፣ ማሳየትም አልፈልግም። በቀን ሁለቴ ካልሮጠ አያስተኛም። ልጅ ይወዳል፣ ግን በደስታ ይጥለዋል። ታስሮ እንዲውል ለሚፈልግ አልሰጥም።» ባለሱቁ አነበበና «እህቴ፣ ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ክስ?» አለኝ።

ከደወሉት አብዛኞቹ ለመሳቅ ነው። በአራተኛው ቀን ግን ከከተማው ዳር የፈረንጅ ላሞች የሚያረቡ ሴትዮ ራሳቸው መጡ።

«ላም ያባርራል?»

«አላውቅም እትዬ።»

«አለማወቅሽን ወደድኩት» አሉና ልጃቸውን ጠሩት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፣ ጠዋትና ማታ ወተት የሚያደርሰው እሱ ነው። ሁሌም በሩጫ።

የላሙን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ላሟ ራሷ መለሰችው። ቡላ ከኋላዋ ሊያሸት ሲጠጋ አንድ ጊዜ አቀመሰችው። ከዚያ ወዲህ በረቱን ዞሮ ነው የሚያልፈው። እኔ የሰጠሁት ምክር ትንሽ ነው። የድርቆሹን ጨዋታ ለልጁ አሳየሁት። ለገና በግ ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት አትስጡት አልኳቸው፤ ከዚያ የሚይዘው ትል በኩሱ ወጥቶ ተመልሶ በጉንም ሰውንም ይይዛል። ክትባቱ በየዓመቱ ነው አልኩና ካርዱን ሰጠኋቸው። ሁለት ሳምንት ሞክሩት፣ ካልሆነ ደውሉልኝ፣ እመጣለሁ፣ ቅር አይለኝም። ሴትዮዋ «እናያለን» ብቻ አሉ።

አንድ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ከሩቅ አየኋቸው። ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ልጁ ወተቱን ተሸክሞ በአስፋልቱ ዳር ይሮጣል፣ ቡላ ባዶ ጀሪካን ነክሶ ከፊት ከፊቱ። አልጠራሁትም።

ሁለት ሳምንቱ አለፈ፣ ገናም አለፈ። ስልኬ በጠራ ቁጥር ግን ልቤ ይመታል። ባለፈው እሁድ ከአከራዬ ጋር ቡና እየጠጣን የሴትዮዋ ስልክ መጣ። ሲኒውን አስቀመጥኩ። አከራዬ ፊቴን አይተው በእጃቸው የአጥሩን ሥር አሳዩኝ፣ ተደፍኗል፣ በድንጋይ።

«ስለ ቡላ ነው» አሉኝ ሴትዮዋ።

«እመጣለሁ እትዬ» አልኩ፣ ጋቢዬን በዓይኔ እየፈለግኩ።

«ምን ልትሠሪ? ይሄ ሐኪምሽ የጻፈው አይነበብም ልልሽ ነው እንጂ። የሚከተበው በየትኛው ወር ነው?»

«ነሐሴ» አልኳቸው።