ሕፃናትና ረቂቅ ሥዕል፦ በብጭቅጫቂ ወረቀት እንዴት እንደጀመርን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሕፃናት አስተምራለሁ። አራትና አምስት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ከረቂቅ ሥዕል ጋር፣ ማለትም ሰው ወይም ዕቃ ሳያስመስሉ በቀለምና በቅርጽ ብቻ ከሚሠራ ሥዕል ጋር፣ ላስተዋውቅ ስነሳ «ገና ላም እንኳ መሳል መች ቻሉና!» ተባልኩ። ልጅ ግን ላም መሳል ሳይችል በፊትም ቀለም ይወዳል። ከሚወደው መጀመር ነው።

ዕቃው ሞልቷል፦ ያለፈ ዓመት ካላንደር፣ የከረሜላ ወረቀት፣ ከልብስ ሰፊ ቤት የተለቀመ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ካርቶን። ኮላ ውድ ስለሆነ ሙጫውን ራሴ አበስላለሁ። አንድ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት በአራት ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ እስኪወፍር ማማሰል ነው። ሲቀዘቅዝ በጣት ይቀባል።

መቀስ መጀመሪያ ላይ አልሰጥም። በእጅ የተቀደደ ወረቀት ዳሩ ይንጨባረራል፣ ቅርጹም እንደፈለገ ይወጣል። ስለዚህ ልጁ «አበባ አልመሰለልኝም» ብሎ አይጨነቅም። ቀለሙንም ከሦስት አላሳልፍም። ሲበዛ ማየት ትተው መሰብሰብ ይጀምራሉ።

ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ሙጫው ከመምጣቱ በፊት ነው። ወረቀቱን ሳይለጥፉ ወዲያ ወዲህ ያደርጉታል። አንዲት ልጅ ትንሽ ቀይ ብጫቂ ይዛ ከመሃል ወደ ጥግ፣ ከጥግ ወደ መሃል ስታመላልስ ቆየች። በመጨረሻ ጥጉ ላይ አስቀመጠችና «እዚህ ስትሆን ትጮኻለች» አለችኝ። ይህን ማንም አላስተማራትም።

«ምንድን ነው የሠራኸው?» ብዬ አልጠይቅም። ከጠየቅኩ እኔን ለማስደሰት «ላም ነው» ይሉኛል። «ዓይንህ መጀመሪያ የት አረፈ?» ስል ግን ሥራቸውን መልሰው ያያሉ።

የታላላቆቹን ሥራ ያሳየኋቸው የራሳቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ቀድመው ቢያዩ ይኮርጁ ነበር። በረቂቅ ሥዕል የሚታወቀውን የኢትዮጵያዊውን ሠዓሊ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራዎች በስልኬ አሳየኋቸው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስም እ.ኤ.አ. በ1941 ከባድ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ፣ ቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ ይሠራ እንደነበር ነገርኳቸው። «እንደኛ!» አሉ።

ወላጆች «ቲቸር፣ ይሄ ደግሞ የምን ሥዕል ነው?» ሲሉኝ፣ «የመሶባችሁ ጌጥ፣ የቀሚሳችሁ ጥለትስ የምን ሥዕል ነው?» እላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ እናቶች ከስፌት የተረፈ ባለቀለም አክርማ ይልኩልናል። አክርማ በስስ ወረቀት ላይ አይዝም። ካርቶን ይፈልጋል፣ ሙጫውም ወፈር ማለት አለበት።