የአባዬ ጨጓራ

ማክሰኞ ማታ። ባልቲሞር።

ካቴተሩ፣ ቀጭኑ ቱቦ፣ በብሽሽቱ በኩል ወደ ልቡ ስለገባ አባዬ ለሰዓታት እግሩን እንዳያጥፍ ተነግሮታል። ነርሷ ዞር ስትል ግን ጉልበቱን ያነሳል። እንደ ሕፃን እቆጣዋለሁ።

በዚህ ወር ብቻ ደረቱ ውስጥ ያለው ዲፊብሪሌተር ሦስቴ በኤሌክትሪክ መቶታል። "በቅሎ የረገጠችኝ ነው የመሰለኝ" ይላል። መሣሪያው ነፍሱን አትርፏል፣ አልክድም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የተገጠመውም እዚሁ ከተማ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980። ግን ልቡ ሲያብድ መትቶ ይመልሰዋል እንጂ ማበዱን አያስቀርለትም።

ዛሬ የገቡት መነሻውን ፍለጋ ነው። ሲጨርሱ ሐኪሙ ስክሪኑን አሳየኝ፦ የአባዬ የግራ ታችኛው የልብ ክፍል፣ በቀለም ተስሎ። ከአልጋው ሥር ደካማ የማግኔት መስክ አለ። ካቴተሩ ጫፍ ላይ ያለች ሴንሰር የት እንዳለች በዚያ ይታወቃል። ጫፉ ግድግዳውን ከውስጥ እየዳሰሰ፣ በነካው ቦታ ሁሉ የኤሌክትሪኩን ጉልበት ይመዘግባል። ካርታው እንዲህ ነጥብ በነጥብ ይሞላል።

ቀዩን አይቼ ጤነኛው መሰለኝ። ደም ቀይ አይደል? ለካ ጤነኛው ሐምራዊው ነው፣ ከ1.5 ሚሊቮልት በላይ ያለው። ቀዩ ከ0.5 በታች ነው፤ ጠባሳ። ችግሩ ደግሞ ጠባሳው ፈጽሞ አለመሞቱ። መሃሉ ላይ ቀጭን የሕያው ጡንቻ መንገድ ተርፏል። ኤሌክትሪኩ እዚያ ገብቶ እየተጎተተ ያልፋል። ሲወጣ ዐርፎ የቆየውን ጡንቻ ይቀሰቅሰዋል፣ ዞሮ ደግሞ ይገባል። ልቡን የሚያስጋልበው ይሄ ዙረት ነው። መንገዷን በሙቀት አቃጥለው ዘጓት።

ጠባሳው የድሮ ሃርት አታክ ነው። ዲፊብሪሌተሩ ሲገባለትም ብለውት ነበር። "እኔ? መቼ?" ብሎ ተከራከረ።

እኔ ግን ዛሬ ቀዩን ሳይ አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ። የፋሲካ ለት፣ ዶሮ ወጥ በልተን ተኝተን። አባዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ ደረቱን ይዞ። "ጨጓራዬ ነው፣ ተኚ" አለኝ። አምቡላንስ መጥራት ሲገባኝ ተልባ በጠበጥኩለት።

ካርታውን በስልኬ አንስቼው ነበር፣ አሁን አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ ቆየበት።

"ይቺ ናት ጨጓራዬ?"

"እሷ ናት፣ አባዬ።"

ስልኩን መለሰልኝ። "ተልባው ግን ጥሩ ነበር" አለ።